የዓክሳ ሲሶ

ዳኛው የሾማቸው ሦስት ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጆታም ፔተንጊል ከሞተ ገና ወሩ አልሞላም። መበለቲቱ ዓክሳ በሩን ከፈተችላቸው፣ ጭቃቸውን እንዲጠርጉ ምንጣፉን በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው፣ የፖም ጠጅ ቀዳችላቸው፣ ከዚያ ጥግ ይዛ ቆመች። ሰው የገዛ ቤቱን ሲለኩበት የት መቆም እንዳለበት ማንም አስተምሮት አያውቅም።

«አይዞዎት ወይዘሮ ዓክሳ» አሉ ዲያቆን ታፕሊ የተጠቀለለውን ገመድ እየፈቱ። «እንደ ጥርስ ማስነቀል ነው። ቶሎ ያልፋል።»

«ጥርስ የሚነቀለው ሲያም ነው» አለች ዓክሳ። ግን በጣም ቀስ ብላ ስለተናገረች ከራሷ በቀር የሰማት የለም።

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ሃምፕሻየር፣ በዚያ ዘመን ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ባል ሳይናዘዝ ሲሞት ቤቱም እርሻውም ለልጁ ይሆናል፤ ለሚስት ደግሞ እስክትሞት የምትኖርበት ሲሶ ይለካላታል። ሲሶ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ቤት ግን እንደ ዳቦ አይቆረስም። ደረጃ አለው፣ ጓዳ አለው፣ የጭስ መውጫ አለው፣ የውኃ ጉድጓዱ ከኋላ በር ነው፣ ጎተራው በሌላ በኩል ነው። ስለዚህ ሦስት ጨዋ ሰዎች ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት እየዞሩ ይህ የእሷ፣ ያ የእሱ ይላሉ። ያሉት ይጻፋል። የተጻፈው ይጸናል።

ጆታም መናዘዝ ይችል ነበር። ግን «ኑዛዜ መጻፍ ሞትን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው» ይል ነበር። ሞት ሳይጠራም መጣ።

ዓክሳ ሁለተኛ ሚስቱ ናት። ከማግባቷ በፊት በበጋ በበጋ የሰፈር ልጆች ታስተምር ነበር፤ ዕድሜዋም ገፋ ብሎ ስለነበር ሰው ሁሉ ቆማ ቀረች ብሏታል። ጆታም ሚስቱ ሞታ፣ ትንሽ ልጅ ይዞ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ባርኔጣውን እያገላበጠ፣ «ጥሩ ታነቢያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ክረምት ይረዝምብኛል» አለ።

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው የሚወዱት?» አለችው።

«ረጅም።»

እሱ ነበር ሽምግልናውም ጋብቻውም። ክረምቱን ሁሉ እሱ በቆሎ ሲፈለፍል እሷ ስታነብለት፣ ስንት ረጅም መጽሐፍ ጨረሱ። ልጁን ኤልካናንም ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ኤልካና ንባቡን ብዙም አልወደደውም። ምግቧን ግን ወደደ።

ዓክሳ ዓይነ አፋር ናት። ገበያ ላይ ሰላም ለማለት እንኳ ከአንድ ቀን በፊት የምትዘጋጅ ዓይነት ሰው። ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ዘርግታ ማንበብ ስትጀምር ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። በተረቱ ያለው ክፉ አጎት ሲቆጣ የእሷ ድምፅ ይወፍራል፣ ጠበቃው ሲገባ አፍንጫዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት የመንደሩ ሴቶች መርፌያቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ። እነሱ ብጥስጣሽ ጨርቅ ቀጣጥለው ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፣ እሷ በየሳምንቱ ከሚመጣው ጋዜጣ ተከታታይ ልብ ወለዱን ታነባለች። ሌላ ደስታ አላት ለማለት ያስቸግራል። ሐሙስ ነበራት፣ በቃ።

ሽማግሌዎቹ የምዕራቡን ክፍል ለእሷ ሰጡ። ከእሱ በላይ ያለችውን ትንሽ መኝታ፣ ከምድር ቤቱ ሲሶውን፣ ከአትክልቱ ሲሶውን፣ ወደ ጉድጓዱ በውጭ በኩል ዞራ የመሄድ መብት። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ወጥ ቤት ሲደርሱ ግን ቆሙ። ሰዓቱ ለምሳ ተቃርቦ ነበር።

«ምድጃው ይከፈላል» አለ ወፍጮ ቤት ያለው ግሪንሊፍ። «መጋገሪያውስ?» አለና ጭንቅላቱን ወደ ጡቡ መጋገሪያ ውስጥ አስገባ። ከውስጥ ድምፁ እንደ ዋሻ አስተጋባ። «ይህንን ለሦስት ብንከፍለው ይናዳል።»

«እንግዲያው መጋገሪያውን በሙሉ ለእሳቸው» አሉ ዲያቆን ታፕሊ። «ምድጃውንና ወለሉን በሙሉ ለልጁ። ተካካሰ።»

«ተካካሰ» አለ ሦስተኛው፤ እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ተጻፈ፣ ተፈረመ። ሦስቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ በልተዋል፤ አንድ ቀን ግን ጋግረው አያውቁም።

ኤልካናና ሚስቱ ሉሲንዳ እስከዚያ ድረስ ከአንጥረኛው ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በመዶሻ ድምፅ መንቃት የሰለቻት ሉሲንዳ በዚያው ሳምንት ጓዟን ጠቅልላ ገባች። ሉሲንዳ ሥራ የማትፈራ፣ ነገርም የማትፈራ ወጣት ናት። ክፋት የለባትም። ብቻ ቤት ማለት የአንዲት ሴት ነው ብላ ታምናለች፤ ሁለት ሴት ያለበት ቤት ሁለት ነጂ ያለው ጋሪ ነው ትላለች።

እሑድ ከስብከት ሲመለሱ ኤልካና እንጀራ እናቱን በር ላይ ጠበቃት።

«እማማ፣ እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው» አለ። «የእህትዎ ልጅ ቤት ሞቅ ያለ ነው። ሲሶዬን ትቻለሁ ብለው ይፈርሙልንና እኔ ራሴ በጋሪ አደርስዎታለሁ።»

«የእህቴ ልጅ ስንት ልጅ እንዳላት ታውቃለህ?»

«ልጅ በረከት ነው።»

«ስድስት በረከት አላት። የምተኛው ከሦስቱ ጋር ነው። ሞቅ ያለው እሱ ነው።»

ኤልካና ሳቀና ሳቁን ዋጠ። ዓክሳ የሚያስጨንቃት መኝታው አልነበረም። የእህቷ ልጅ ባል ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ሲኦል እንደሚወርድ የሚያምን ሰው ነው። በቤቱ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከዘመን መቁጠሪያ በቀር የታተመ ነገር አይገባም። እዚያ ከሄደች ሐሙስ የለም። ከፈረመች ደግሞ መመለሻ የለም።

«እስቲ ላስብበት» አለች።

ኤልካና ይህንን እሺታ አድርጎ ወሰደው፣ ደስ ብሎትም ለሚስቱ ነገራት። ሉሲንዳ ፊቱን አየችው። «ላስብበት ካሉማ እምቢ ብለዋል» አለችው። «ተወው፣ እኔ አስብላቸዋለሁ።»

በዚያ አገር ቅዳሜ የመጋገሪያ ቀን ነው። እሑድ እሳት ላይ ድስት መጣድ ነውር ስለሆነ፣ ባቄላው ከአሳማ ስብና ሞላሰስ ከሚባለው ጥቁር የስኳር ሽሮፕ ጋር በሸክላ ድስት ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ይገባል፣ ጥቁሩ ዳቦም ከጎኑ ይገባል። ቅዳሜ ራት እሱ ነው። እሑድም እሱው ነው። ቅዳሜ ከጭስ መውጫው የባቄላ ሽታ የማይወጣበት ቤት ካለ ጎረቤት ሰው ሞተ እንዴ ብሎ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዓክሳ ሊጧን አቡክታ፣ ባቄላዋን ሞልታ፣ ከክፍሏ በር ወደ ወጥ ቤቱ አንድ እግሯን አነሳች። በሯ ከመጋገሪያው አፍ ትይዩ ነው፤ መካከል ላይ ጥቂት እርምጃ ወለል ብቻ አለ።

«እማማ፣ እግርዎን» አለች ሉሲንዳ።

ዓክሳ እግሯን አየች። «ምን ሆነ?»

«ወለሉ የእኛ ነው።» ሉሲንዳ ጎንበስ አለችና በኖራ ጠመኔ በደፉ ሥር መስመር አሰመረች። «መጋገሪያው የእርስዎ ነው። አንድ ጡብ አልነካብዎትም። ወለሉ ግን በወረቀቱ ላይ የእኛ ነው።»

«ታዲያ መጋገሪያዬ ዘንድ በምን ልሂድ? በክንፍ?»

«እሱን ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ።»

ዓክሳ ድስቷን ታቅፋ ወደ ኋላ ተመለሰች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ለራሷ፤ በሯንም ቀስ አድርጋ ዘጋች። በክፍሏ ባለችው ትንሽ ምድጃ ላይ የበቆሎ ገንፎ ሠርታ ቅዳሜን በገንፎ ዋለች።

በማግስቱ በሁለቱ ስብከቶች መካከል ዲያቆን ታፕሊን በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር አገኘቻቸው። እስክትናገር ድረስ ሻርፗን ሁለት ጊዜ አጣጠፈች። ዲያቆኑ ሰምተው ጆሯቸው ቀላ።

«ስንጽፈው እኮ ሰው መጋገሪያ ካለው መጋገሪያው ዘንድ ይደርሳል ብለን ነው።»

«መድረሱንማ በዓይኔ እደርሳለሁ ዲያቆን። በእግሬ ነው የተከለከልኩት።»

«በቃል እንዳላርመው የተጻፈ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ የሚቀመጠው ከአጨዳ በኋላ ነው» አሉ። «እስከዚያ ትንሽ ይታገሡ።»

ከአጨዳ በኋላ ማለት በጋው በሙሉ ማለት ነው። እስከዚያ በገንፎ የሚኖር ሰው ወይ ይፈርማል ወይ ይሞታል፤ ሉሲንዳም ይህንን አስባበታለች።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ሉሲንዳ ሐቀኛ ናት። የራሷን መስመር አጥብቃ የምትጠብቅ ሴት የሰው መስመር አትሻገርም። መጋገሪያው የዓክሳ ነው ካለች የዓክሳ ነው፤ በሩን እንኳ አትከፍተውም። ስለዚህ ቅዳሜ ባቄላዋን በምድጃው ላይ በብረት ድስት ቀቀለችው።

ኤልካና ማንኪያውን አነሳ፣ አየው፣ መለሰው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ባቄላ።»

«ባቄላውንስ አየሁት። ምን አድርጎ ነው እንዲህ የተቀጣው?»

«ብላ ኤልካና።»

በላ። ምን ያደርጋል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ በላ።

የዓክሳ የቅርብ ጓደኛዋ ፐርሲስ ዊትኮም ናት፤ ባሏ በርሜል ሠሪ ነው። ፐርሲስ አፏ ከመርፌዋ ይፈጥናል። ነገሩን ስትሰማ ወዲያው ወደ ባሏ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ በዚያው ሳምንት ከአንድ ቀጭን ዝግባ የተጠረበ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ እጀታው የአጥር አግዳሚ የሚያክል የዳቦ አካፋ በጋሪ ተጭኖ መጣ።

«ባሌ ለዓሣ ነባሪ ማጥመጃ ነው ወይ የምትፈልጊው አለኝ» አለች ፐርሲስ። «ለአማት ነው አልኩት።»

«አማቷ እኮ እኔ ነኝ» አለች ዓክሳ።

«እሱማ ነው። ማን ማንን እንደሚያጠምድ ገና አልታወቀም።»

ቅዳሜ ሆነ። ፐርሲስና ሌሎች ሁለት ሴቶች ክር ልንዋስ ነው ብለው መጡ። ኤልካናም ማረሻ ሊያስተካክል ነው ብሎ ከማሳ ቀርቶ ነበር። ዓክሳ ከደፏ በስተኋላ ቆማ፣ አንድ እግሯን ከበሩ መቃን አስደግፋ፣ አካፋውን ዘረጋች። ፍልጡን አንድ በአንድ አስገባች። ፍሙን አስተካከለች፣ አመዱን ጠረገች። ሉሲንዳ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጥ ነበር፤ አካፋው ባለፈ ቁጥር ግን ጭንቅላቷን ዝቅ ታደርጋለች። ዳቦው ያለ ምንም ችግር ገባ። ሴቶቹ እስትንፋሳቸውን መለሱ።

ባቄላው ግን ከባድ ነው። ድስቱ ከአካፋው ጫፍ ላይ መሀል መንገድ እስኪደርስ ደህና ሄደ፣ ከዚያ እጀታው ጎበጠ፣ ድስቱ ዘመም አለ፣ ወለሉ ላይ ወርዶ ተሰበረ። ባቄላውና ሞላሰሱ እስከ ሉሲንዳ ጫማ ድረስ ፈሰሰ።

ዓክሳ ፊቷ ቀልቶ አካፋዋን ሰበሰበች። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ልጄ፣ ወለሉ የማን ነው?» አለች።

ሉሲንዳ መልሱ ወዴት እንደሚወስዳት እያወቀች መለሰች። «የእኛ።»

«እንግዲያው ባቄላውም የእናንተ ነው። እኔ ተሻግሬ እንዳልጠርገው ሕግ ይዞኛል።»

ፐርሲስ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች። ሉሲንዳ ጠረገችው። ሲጠርጉት እንደ ሙጫ ነው። ኤልካና በሩ ላይ ቆሞ ባቄላው ተዝቆ ሲወጣ ለቀብር እንደቆመ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሚያለቅስ መስሏቸው ነበር።

ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ሐሙስ ሐሙስም የሚመጣው ሴት በዛ። የምዕራቡ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ወጥ ቤቱ የሚያስገባውን በር ይከፍቱታል። በዚያ በጋ የሚነበበው ተረት ኤቨሊን ስለምትባል የሙት ልጅ ነበር። አጎቷ ቤቷን ቀምቷት፣ ከጠበቃው ጋር ተማክሮ፣ ከማታውቀው ሽማግሌ ጋር ሊያጋባት ይፈልጋል። ኤቨሊን በየምዕራፉ ራሷን ስታ ትወድቃለች።

«ይህች ልጅ ቁርስ አትበላም እንዴ?» አለች ፐርሲስ።

«ዝም በይ፣ አጎትየው እየመጣ ነው» አለቻት አንዷ።

ከመስመሩ ወዲያ ሉሲንዳ ቁጭ ብላ ካልሲ ትጠግናለች። ካልሲው ከተጠገነ ቆይቷል። ዓክሳ ድምፅዋን አወፍራ አጎትየው በምድር ቤቱ በር ላይ ቁልፍ ሲያዞር ስታነብ፣ ሉሲንዳ ወንበሯን በትንሹ ሳብ አደረገች። ፐርሲስ አየቻት። በሩን በእግሯ ጫፍ ገፋችና ዘጋችው።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ሉሲንዳ መጋረጃ ስታራግፍ ዓክሳን በጓሮ አገኘቻት።

«ለመሆኑ ልጅቷ ከምድር ቤቱ ወጣች?» አለች፣ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ።

«የቱ ልጅ?»

«እማማ ደግሞ። ያቺ የምትወድቀዋ።»

ዓክሳ ከአትክልቱ ቅጠል ቀነጠሰች። መንገር ትችል ነበር፤ መንገርም ፈልጋ ነበር። ግን በጋውን ሙሉ በእጇ ያለው ይህ ብቻ መሆኑን አወቀች። «ጋዜጣው በክፍሌ ነው» አለች። «የእኔ ወለል መስመር የለበትም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ሉሲንዳ ወንበሯን ደፉ ላይ አደረገችው። የፊት ሁለት እግሮቹ በዓክሳ፣ የኋላ ሁለቱ በእሷ ወለል። በዚያን ቀን ምዕራፍ ጠበቃው ጓንቱን እያወለቀ ገብቶ፣ መበለት ለሆነችው ለኤቨሊን የክርስትና እናት ከቤቱ ሲሶ እንጂ ሌላ እንደሌላት የሚል ወረቀት ያነብላታል። ሴቶቹ መርፌያቸውን አቁመው እርስ በርሳቸው ተያዩ። የተረቱ ነገር ቀርቶ እያንዳንዷ የየቤቷን ታሪክ አወጣች።

«ለእናቴ የፊቱን በር ግማሽ ሰጧት» አለች አንዷ። «እስክትሞት በጎን ነበር የምትገባው።»

«ለአክስቴ ከሦስት ላም አንዷን። ላሟ ከሌሎቹ ተለይታ እምቢ አለች» አለች ሌላዋ።

«አንቺስ ሉሲንዳ?» አለች ፐርሲስ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ልጅ ገና አልመጣላችሁም። ኤልካና አንድ ነገር ቢሆን፣ እግዜር ይጠብቀው፣ ይህ ቤት የማን ነው?»

ሉሲንዳ አላሰበችውም። ፊቷ ላይ ታየ። «የአጎቱ ልጅ የኦባድያ» አለች ቀስ ብላ።

«ያ ሲመጣ ሲሄድ ጎተራውን የሚደባብሰው?»

«እሱ።»

«ይለካልሻል እንግዲህ። ገመድ ሰው አይመርጥም።»

«ተያት ፐርሲስ» አለች ዓክሳ። «ልቀጥል?»

«ይቀጥሉ» አለች ሉሲንዳ። ግን ሲነበብ መርፌዋ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ከበሩ እስከ መጋገሪያው ባለው ወለል ላይ ነበር።

አጨዳው አለቀ። ኤልካና ለዳኛው አመልክቶ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እንዲያርሙ ታዘዙ። ያሰበው ግልጽ ነበር፤ መጋገሪያው ለእሱ ይዙር፣ ለእሷ በምትኩ ከጎተራው ሌላ ጥግ ይሰጣት። ያለ መጋገሪያ ክረምቱን በዚያች ክፍል ማንም አይዘልቀውም። ትፈርማለች፣ ትሄዳለች። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። በጋውን ሙሉ የተቀቀለ ባቄላ የበላ ሰው ነው።

ሦስቱ ሰዎች ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሙ። ዲያቆን ታፕሊ ወረቀቱን ዘረጉ። ዓክሳ ከደፏ በስተኋላ ነች፣ ሉሲንዳ ከምድጃው አጠገብ፣ ኤልካና መሀል ላይ።

«ለእማማም ይቀላቸዋል» ሲል ኤልካና ጀመረ። «ከእህታቸው ልጅ ዘንድ...»

«አልሄድም» አለች ዓክሳ።

ሁሉም ዞሩ። ራሷም የደነገጠች መሰለች፤ ግን አልተመለሰችም። «ላስብበት ብዬህ ነበር ኤልካና። አሰብኩበት። አልፈርምም። ገንፎ ብቻ የምበላ ከሆነ ገንፎ እየበላሁ እዚሁ ነኝ።»

ዲያቆኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዓይናቸው ፈገግ አሉ። «በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችው ዓክሳም መሬቱ ከተሰጣት በኋላ ምንጭ ጨምሩልኝ ብላለች። እርስዎስ ምን እንጨምርልዎት?»

«ወለል። ከበሬ እስከ መጋገሪያው። አንድ ሰው ድስት ይዞ የሚያልፍበት ያህል።»

«ወለሉ የኤልካና ነው» አሉ ዲያቆኑ። «ያለ እሱ ፈቃድ አልነካውም። ኤልካና?»

ኤልካና አፉን ከፈተ። የተናገረችው ግን ሉሲንዳ ነች።

«ይጻፍላቸው» አለች።

«ሉሲንዳ?» አለ ኤልካና።

«ይጻፍ። ግን ለእማማ ብቻ ተብሎ አይደለም። ለዚህ ቤት መበለት ተብሎ ይጻፍ። ወለሉም፣ መጋገሪያውም፣ ምድጃውን ቅዳሜ ቅዳሜ መጠቀምም፣ ወደ ጉድጓዱ በአጭሩ መንገድ መሄድም። ዛሬ መበለቷ እሳቸው ናቸው።»

ወፍጮ ቤት ያለው ግሪንሊፍ ማሳል ጀመረ። ሳል አልነበረም።

«ሉሲንዳ፣ እኔ ገና ቆሜ ነው ያለሁት እኮ» አለ ኤልካና።

«ቁምልኝ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ወለሉ ነው።»

«ጤነኛ ነኝ።»

«አባትህም ጤነኛ ነበሩ። ኑዛዜ አልጽፍም አሉ፣ ይኸው ሰው አካፋ ይዞ በበሩ ይጋግራል። አንተ ስትሞት ኦባድያ ገመድ ይዞ ሲመጣ እኔ የት ነው የምቆመው?»

ኤልካና ወለሉን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ዓክሳን አየ። ዓክሳ እጆቿን በሽርጧ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። ዲያቆን ታፕሊ ለዓክሳ በሕይወቷ ሙሉ የሚለውን በዚህ ወረቀት መጻፍ እንደሚችሉ፣ ለሉሲንዳ የተጠየቀውን ግን ኤልካና ራሱ በኑዛዜ ካልጻፈው እንደማይሆን አስረዱ።

«ኑዛዜ?» አለ ኤልካና፣ እንደ አባቱ።

«ብዕሩ እዚሁ አለ» አለች ሉሲንዳ።

የማንንም ፊት ሳያይ፣ «ከፈረምኩ ባቄላው ዛሬ ይገባል?» አለ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች ዓክሳ።

«አውቃለሁ።»

«ፈርም ልጄ። ይገባል።»

ፈረመ። ሁለቱንም ፈረመ። ሽማግሌዎቹ ገመዱን ሳይፈቱት ተቀምጠው ራት ጠበቁ፤ ዲያቆኑም በረቡዕ የቅዳሜ ምግብ መብላት ኃጢአት ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ እንዳላገኙ ተናገሩ።

ዓክሳ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ኖረች። ኤቨሊን ከምድር ቤቱ ወጥታ ቤቷን አስመለሰች፤ ከዚያ ሌላ ተረት መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሉሲንዳ ማንበቡን ከእሷ ተማረች፤ አሳዛኙን ለዓክሳ ትታ ጠበቆቹን እሷ ትወስድ ነበር፣ ጥሩም አድርጋ ትናገራቸዋለች። ሁለቱ ሴቶች ሁልጊዜ ተስማምተው ኖሩ ቢባል ውሸት ይሆናል። በጨው መጠን ብቻ ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል።

ኤልካና ሸምግሎ፣ ልጆች ወልዶ፣ በደህና ነው የኖረው። ብቻ ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ብርድ መትቶት ሲያስል ሚስቱ ቀና ብላ ታየው ነበር፤ እሱም «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» ሳይል አያልፍም።